የደረቀ አስከሬን ላይ ሻጋታ ወይም ጥንዚዛ ካያችሁ፦ ፍሊት ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሻጋታ ያየ ሰው እጁ ወደ በረኪና ይሄዳል። ነፍሳት ያየ ደግሞ ወደ ፍሊት። ለቤት ግድግዳና ለቁም ሣጥን ይሄ ሊሠራ ይችላል። መቶና ሺህ ዓመት ሳይፈርስ ለቆየ የሰው ገላ ግን ሁለቱም ጥፋት ናቸው። በረኪናው ቆዳና ፀጉር ይበላል፣ አብሮት የገባው ውሃ ደግሞ ለሚቀጥለው ሻጋታ መንገድ ይከፍታል። ፍሊቱ ቅባት ይተዋል፣ ቅባቱ አቧራ ይይዛል። ነገ አንድ ተመራማሪ ናሙና ልውሰድ ቢል የትኛው ከሟቹ የትኛው ከፍሊቱ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ አስከሬን በአደራ ለያዙ ሰዎች ነው። ለቄሰ ገበዞች፣ ለገዳም ዕቃ ቤት ጠባቂዎች፣ ለሙዚየም ሠራተኞች፣ ለሕክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ ክፍል ኃላፊዎች። አገራችን ውስጥ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ላስታ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ የገባ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የተደረደሩትን የደረቁ አስከሬኖች አይቷል። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አስከሬን እንዳለ ይነገራል። እነዚህ ሰዎች ነበሩ፤ እናት የነበራቸው፣ የተለቀሰላቸው። ስለዚህ ጥንቃቄው የቅርስ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ቺሌ ውስጥ ያለችውን የአሪካን ከተማ ነገር ልንገራችሁ

በሰሜን ቺሌና በደቡብ ፔሩ ባሕር ዳርቻ ቺንቾሮ የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። ሙታናቸውን ሆን ብለው ማድረቅ የጀመሩት ከ7000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ግብፆች ከመጀመራቸው 2000 ዓመት ያህል ቀድመው። ለንጉሥና ለሹም ብቻም አላደረጉትም። ሕፃናትን፣ ሳይወለዱ የሞቱ ፅንሶችን ሳይቀር የውስጥ አካላቸውን አውጥተው፣ በእንጨት ደግፈው፣ ጭቃ ለብጠው፣ ቀለም ቀብተው አስቀመጧቸው። የአታካማ በረሃ ደረቅ ነውና እነዚህ አስከሬኖች ሺህ ዓመታትን ተሻገሩ።

አሪካ ከተማ አጠገብ፣ ሳን ሚጌል ዴ አዛፓ በሚገኘው የታራፓካ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ወደ 120 የሚጠጉ ሙሚዎች፣ ማለትም እንዲህ ሳይፈርሱ የቆዩ አስከሬኖች፣ አሉ። ከጊዜ በኋላ የአንዳንዶቹ ቆዳ መጥቆርና እንደ ሙጫ መለስለስ ጀመረ። 7000 ዓመት የቆየ ቆዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቅለጥ ጀመረ ማለት ነው። የሙዚየሙ ሰዎች የሃርቫርዱን የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ራልፍ ሚቸልን ጠየቁ። እሱና ባልደረቦቹ ከተበላሸውም ካልተበላሸውም ቆዳ ናሙና ወስደው ያገኟቸውን ጥቃቅን ተሕዋስያን አራቡ፣ የአሳማ ቆዳ ላይ አድርገው በተለያየ እርጥበት ውስጥ አቆዩአቸው። እርጥበቱ ከፍ ባለበት ቆዳው በ21 ቀን መበላሸት ጀመረ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲነገር ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ወጣ። አጥፊዎቹ ከመቃብር የወጡ ጥንታዊ ጀርሞች አልነበሩም። በማንኛችንም ቆዳ ላይ የሚኖሩ ተራ ባክቴሪያዎች ናቸው። የተለወጠው አየሩ ነው። አካባቢው ከድሮው እየረጠበ መጥቷል፣ እነሱም ምቹ ጊዜ አገኙ። ቡድኑ ለእነዚህ ሙሚዎች ተስማሚው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው አለ። ከዚያ ሲያልፍ ይበሰብሳል፣ ሲያንስ ደግሞ አሲድ እየተፈጠረ ይጎዳል።

ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ሻጋታውና ባክቴሪያው ቀድሞም እዚያው አሉ፤ የሚቀሰቅሳቸው ውሃ ነው። ውሃውን ሳታገኙ እነሱን ብትገድሉ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳሉ።

ደረጃ 1፦ እጃችሁን ሰብስቡ

አትንኩ። አትጥረጉ። እፍ አትበሉ። አቧራውን እፍ ያለ ሰው የሻጋታ ዘር በክፍሉ ሁሉ በትኖ ግማሹን ወደ ሳንባው ይወስዳል።

ጓንትና ጥሩ ማስክ አድርጉ፤ ኤን 95 የሚባለውን እንጂ ተራውን የጨርቅ ማስክ አይደለም። ይሄ ለታይታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ፖላንድ፣ ክራኮው ውስጥ የንጉሥ ካዚሚር 4ኛ መቃብር ሲከፈት ገብተው ከነበሩት መካከል በርካቶቹ በኋላ ሞተዋል። መቃብሩ ውስጥ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ ተገኝቷል። የሁሉም ሞት በእሱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፣ ግን ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። አስም ያለበት፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ጭራሽ አይግባ።

ሌላም አደጋ አለ። ድሮ ሙዚየሞች ነፍሳት እንዳይበሉባቸው ቆዳና አስከሬን ላይ አርሰኒክ፣ ሜርኩሪና ዲዲቲ ያደርጉ ነበር። የምትጠብቁት አስከሬን ወይም ዕቃ ቤቱ ራሱ ድሮ ተረጭቶ ከሆነ መርዙ ዛሬም እዚያው ነው። የቀደሙትን አባቶች ወይም ጡረታ የወጡትን ሠራተኞች ጠይቁ። ያስታውሳሉ።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ። ፎቶው ለሥራ ነው፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የሚወጣ አይደለም። የሰው ገላ ነው የያዛችሁት።

ደረጃ 2፦ አስከሬኑ በምን እንደቆየ እወቁ

ይሄን የሚዘል ሰው ትልቁን ስህተት ይሠራል። ምክንያቱም ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው።

በተፈጥሮ አየር የደረቀ አለ። በጨው የደረቀ አለ፤ ግብፆች ናትሮን በሚባል ጨው ያደርቁ ነበር። ፎርማሊን በሚባል የኬሚካል ፈሳሽ የተጠበቀ አለ። ረግረግ ውስጥ የቆየ አለ፣ ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950 እንደተገኘው የቶሉንድ ሰው። በረዶ ውስጥ የቆየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጣሊያንና ኦስትሪያ ድንበር ላይ የተገኘውና ኦትዚ የሚባለው ሰው ከ5000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፣ ዛሬ ቦልዛኖ በሚገኘው ሙዚየም በዜሮ በታች 6 ዲግሪና በ99 በመቶ ገደማ እርጥበት ይቀመጣል። እንዳይደርቅ በየጊዜው ንጹሕ ውሃ ይረጩበታል! ለደረቀ አስከሬን ይሄ ሞት ነው። እሱ ግን በበረዶና በውሃ የቆየ ስለሆነ ቢደርቅ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ብርድ ውስጥም ቢሆን ብርድ የሚችሉ ባክቴሪያዎች ስላሉ ክትትሉ አይቋረጥም።

የእኛ አገሮቹ በአብዛኛው በአየር የደረቁት ዓይነት ናቸው። ከዚህ በኋላ የምለው በዋናነት ለእነሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ሕያው ነው ወይስ የድሮ?

አንዳንዴ የሚያስደነግጠው ነገር ከ500 ዓመት በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። የዝንብ ባዶ ቅርፊት ከአስከሬኑ ሥር ብታገኙ አትደንግጡ። ዝንብ እርጥብ ሥጋ ነው የሚፈልገው። ያ ቅርፊት ሰውየው ሳይደርቅ በፊት የመጣ ዝንብ ምስክር ነው፣ ለተመራማሪም ዋጋ አለው። ጠርጋችሁ አትጣሉት።

አሁን እየተበላ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ነጭ ወረቀት ነው። አስከሬኑን ሳታነሱ ከሣጥኑ ወይም ከአልጋው ሥርና ከዳር ዳሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ቀኑን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። በሳምንቱ ተመልከቱ። አዲስ ዱቄት ወይም ጥቃቅን ኩስ ከወረደ፣ እጭ የጣለችው ቆዳ ከተገኘ፣ ነገሩ አሁን ያለ ነው። ምንም ካልወረደ ሁለት ሳምንት ጨምሩና እንደገና እዩ። እንጨቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎችም ተመልከቱ፤ ጠርዙ ንጹሕና ከውስጡ ገርጣ ያለ ቀዳዳ አዲስ ነው፣ አቧራ የሞላውና የጠቆረው የቆየ ነው።

ሻጋታና ጨውም ይምታታሉ። ሁለቱም ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ጨው በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠጠር ጠጠር ይላል፣ ያብረቀርቃል፣ ከራሱ ከወደቀ ብናኝ ትንሽ ወስዳችሁ ውሃ ጠብ ብታደርጉበት ይሟሟል። ሻጋታ ክር ክር ወይም ጥጥ ይመስላል፣ ውሃ ላይ አይሟሟም። ይህን ሙከራ በወደቀው ብናኝ ላይ ብቻ ነው የምታደርጉት፣ አስከሬኑ ላይ በፍጹም። ደግሞ ጨው ሆነ ብላችሁ አትዘናጉ። ጨው የሚወጣው ውሃ ግድግዳው ውስጥ ስለሚመላለስ ነው። ሲሲሊ፣ ፓሌርሞ በሚገኘው የካፑቺን መነኮሳት የምድር ቤት መቃብር ውስጥ 2000 ያህል አስከሬኖች አሉ፤ እዚያ የተደረገ ምርመራ ጨው ወዳድ የሆኑ ባክቴሪያዎችን አግኝቷል። ሌላው የሚሞትበት ጨው ለእነሱ ቤት ነው።

ደረጃ 4፦ ማን እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ቆይ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም የምትወስዱት እርምጃ በእንግዳው ማንነት ይወሰናል።

*ሻጋታ።* አስፐርጊለስ፣ ፔኒሲሊየም፣ ክላዶስፖሪየም የሚባሉት ይበዛሉ። ቤት ውስጥ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ዘመዶች ናቸው። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ነጭ ወይም ቢጫ ሊሆኑ ይችላሉ። በቀለም ብቻ ዓይነቱን አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ አትመኑት፣ ላቦራቶሪ ነው የሚለየው። ኮላጅን የሚባለውን፣ ቆዳውን አጠንክሮ የያዘውን ፕሮቲን ይፈጫሉ፣ አሲድ ይለቃሉ፣ የማይለቅ ነጠብጣብም ይተዋሉ። በአብዛኛው መብቀል የሚጀምሩት የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲያልፍ ነው።

*ባክቴሪያ።* ከሻጋታ ይልቅ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ቆዳው ከለሰለሰ፣ ካብረቀረቀ፣ ከተጣበቀ፣ ከጠቆረ፣ አዲስ ሽታ ከመጣ ባክቴሪያን ጠርጥሩ። ይህ ከታየ ነገሩ የሳምንታት ሳይሆን የቀናት ጉዳይ ነውና ዕለቱን ባለሙያ ጥሩ።

*የቆዳ ጥንዚዛ።* ደርመስቲድ የሚባለው ቤተሰብ ነው። ከሁሉ በላይ የምፈራው ይሄን ነው። ትልቁ ዓይነት ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፣ ጠቆር ያለ ነው። የሚበላው በተለይ እጩ ነው፤ ቡናማ፣ ፀጉራም፣ ችኩል። ምን ያህል እንደሚበላ ለመረዳት ይህን አስቡ፦ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች የእንስሳ አጥንት ከሥጋው ማጽዳት ሲፈልጉ ይህንኑ ጥንዚዛ ሣጥን ውስጥ አርብተው ሥራውን ይሰጡታል። አጥንቱን ብቻ ይተዋል። እና ይሄ ፍጥረት በአደራ የያዛችሁት አስከሬን ዘንድ ሲገባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከሻጋታ የሚለየው ደረቅ ነገር ላይ መኖር መቻሉ ነው። እርጥበቱን 45 በመቶ ስላደረጋችሁ አይሄድም።

ትንንሾቹ ዘመዶቹ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ክብ፣ ዝንጉርጉር። ከእጭነት ወጥተው ጥንዚዛ የሆኑት አበባ ይወዳሉና ወደ ብርሃን ይሄዳሉ። ስለዚህ መስኮት ደፍ ላይ የሞቱ ትንንሽ ክብ ጥንዚዛዎች ካገኛችሁ እጮቻቸው ከውስጥ የሆነ ቦታ እየበሉ ነው።

*ቀይ እግሩ ጥንዚዛ።* ኔክሮቢያ ይባላል። ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ እግሩ ቀላ ያለ። በግብፅ ሙሚዎች ውስጥ ተገኝቷል። ደረቅ ሥጋም፣ ሌሎች እጮችንም ይበላል። የዚህ ዘመድ የሆነው አንዱ ዝርያ ሰው አድኗል፦ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ቦርዶ ውስጥ የታሰረ ፒየር አንድሬ ላትሬይ የሚባል ቄስ እስር ቤቱ ወለል ላይ ይህን ጥንዚዛ ሲመረምር ሐኪሙ አየው፣ ነገሩ ለነፍሳት አጥኚዎች ደረሰ፣ እነሱም አስፈቱት። በኋላ ከዘመኑ ታላላቅ የነፍሳት ሊቃውንት አንዱ ሆነ።

*ብልና የዳቦ ጥንዚዛ።* ብልን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሱፍ፣ ፀጉር፣ ደረቅ ቆዳ ይበላል፣ ድር የመሰለ ነገር ይተዋል። መግነዙ ሱፍ ወይም ቆዳ ከሆነ ከዚያ ይጀምራል። የዳቦ ጥንዚዛው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡናማ ነው፣ ዳቦ፣ እህል፣ ቅመም፣ ደረቅ ዕፀዋት ይወዳል። ጸበል ጸዲቅ የተረፈ ዳቦ ወይም ቆሎ አስከሬን ባለበት ዕቃ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ዛሬውኑ አውጡት።

*ምስጥ፣ አይጥ፣ ርግብ፣ የሌሊት ወፍ።* ምስጥ ሣጥኑን ይበላል፣ ሣጥኑ ሲወድቅ አስከሬኑ ይሰበራል። አይጥ መግነዙን ለጎጆዋ ትቦጭቃለች። የርግብ ጎጆና የሞተ ወፍ የቆዳ ጥንዚዛ መፈልፈያ ነው። ለዚህ ነው አይጥ በመርዝ አትግደሉ የምለው፤ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ትሞታለች፣ ጥንዚዛው እሷ ላይ ተራብቶ ወደ አስከሬኑ ይሻገራል። የሽቦ ወጥመድ ተጠቀሙ፣ በየቀኑ እዩት።

ነፍሳት ካገኛችሁ በወረንጦ አንስታችሁ 70 በመቶ አልኮል ባለው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጉ። ቀኑንና ያገኛችሁበትን ቦታ በእርሳስ ጽፋችሁ ውስጡ ጨምሩ። በእስክሪብቶ ከጻፋችሁ አልኮሉ ያጠፋዋል።

አገራችን ላይ ደግሞ ልብ የማይባል አንድ ነገር አለ። ጥንዚዛው ከአስከሬኑ ላይጀምር ይችላል። ከበሮ ቆዳ ነው። ብራና ቆዳ ነው። ማኅደሩም ቆዳ ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለ የድሮ ከበሮ ገልብጣችሁ ፀጉራም እጭ ካገኛችሁ የችግሩን ምንጭ አገኛችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ውሃውን ፈልጉ

የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ግዙ። ውድ መሆን የለበትም፣ ዲጂታሉ ትንሹ ይበቃል። ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ አስከሬኑ አጠገብ፣ አንዱ ከክፍሉ ውጭ። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። አንድ ወር ከጻፋችሁ በኋላ ብዙ ነገር ራሱ ይናገራል። ሌሊት ሌሊት ብቻ ይወጣል? ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ነው። በበዓል ቀን ይዘላል? የሰው ትንፋሽና ላብ ነው። ዝናብ በዘነበ በሁለተኛው ቀን ይወጣል? ከጣሪያ ወይም ከመሠረት የሚሰርግ ውሃ አለ።

ክፍሉን ዙሩ። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ የግድግዳ ሥር፣ ወለል። አስከሬኑ ወይም ሣጥኑ የድንጋይ ግድግዳ የነካ ከሆነ በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት እሱ ነው፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ውሃ ጤዛ ሆኖ ይቋጠራል፣ ከዚያ ወደ ቆዳው ይሄዳል። ሣጥኑ ከወለልና ከግድግዳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢርቅ አየር ይዞርበታል። ግን ማራቁን ለብቻችሁ አትሞክሩት። የደረቀ አስከሬን በጣም ተሰባሪ ነው፣ በባለሙያ ፊት ይደረግ።

መስታወት ሣጥን በራሱ መከላከያ አይደለም። ፀሐይ የሚያርፍበት ዝግ ሣጥን ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ከውስጥ ያልባል። ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ካለው አስከሬኑ እንፋሎት ውስጥ ነው ያደረው። ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የሆነውን እዩ። የጓናኹዋቶ ከተማ ሙሚዎች ለቱሪዝም ትርኢት ሜክሲኮ ሲቲ ተወሰዱ። የአገሪቱ ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ተቋም ከቀረቡት 6 ቢያንስ በአንዱ ላይ ፈንገስ እየተስፋፋ ያለ ይመስላል ብሎ አስጠነቀቀ፣ መስታወቶቹ አየር የማያስገቡ መሆናቸውም አልታወቀም። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ አስከሬኖቹ ብቻ አይደሉም፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ የሚተነፍሰው ሕዝብም ጭምር ነው።

እርጥበት ለመቀነስ ስትሞክሩ አትቸኩሉ። ሄዶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ማሞቂያ ማቅረብ፣ ቬንትሌተር ቀጥታ ማዞር ሁሉ ቆዳውን ያሰነጥቃል። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይውረድ። በትንሽ ዝግ ሣጥን ውስጥ ሲሊካ ጄል የሚባለው እርጥበት መሳቢያ ጠጠር ይረዳል፣ መለኪያ አብሮት ካለ። ተራ ጨው ወይም ኖራ አጠገቡ እንዳታስቀምጡ፤ ጨው ውሃ ከሳበ በኋላ ይፈስሳል፣ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል። መስኮት መክፈትም ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ሐምሌ ላይ የውጭው አየር ከውስጡ የባሰ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለኪያ አወዳድራችሁ የውጭው ሲያንስ ብቻ ክፈቱ።

የሚጎበኝ ሰው ካለ በአንዴ ጥቂት ጥቂት ይግባ። ጧፍና ሻማ ከአስከሬኑ ይራቅ። ሙቀቱም ጥላሸቱም ይጎዳል።

ደረጃ 6፦ መግደል ካስፈለገ

ይህን ክፍል የምጽፈው እንድታደርጉት ሳይሆን ባለሙያው መጥቶ ሲያማክራችሁ ምን እንደሚል እንድታውቁ ነው። አገራችን ውስጥ ቅርስ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን መጠየቅ አለበት። የገዳሙ አባቶችና የአካባቢው ሰውም ይሁንታ መስጠት አለባቸው።

ለነፍሳት ጥሩው መንገድ ኦክስጅን ማሳጣት ነው። አስከሬኑ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ በውስጡ ናይትሮጅን ይሞላል፣ ኦክስጅኑ ከግማሽ በመቶ በታች ወርዶ ሦስት አራት ሳምንት ይቆያል። እንቁላሉም እጩም ትልቁም ይሞታል፣ መርዝ የሚባል ነገር አይቀርም። ሻጋታን ግን አይጨርስም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎችም አሉ።

ሌላው ማቀዝቀዝ ነው። በዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት። ለመግነዝ፣ ለጨርቅ፣ ለሱፍ በጣም ይሠራል። ዕቃው በፕላስቲክ ታሽጎ ይገባል፣ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይከፈት ይቆያል፤ ቶሎ ከከፈታችሁት ጤዛ ይይዘዋል። ለአስከሬኑ ራሱ ግን ባለሙያው ካላለ አይሞከርም።

ሦስተኛው ጋማ ጨረር ነው። ታዋቂው ታሪክ የዳግማዊ ራምሴስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የፈርዖኑ ሙሚ ከካይሮ ወደ ፓሪስ ተወሰደ። ሲመረመር ፈንገስ ወርሶት ተገኘ፣ ዴዳሊያ ቢኒስ የሚባለው ዋናው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የፈረንሳይ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ባለሙያዎች ኮባልት 60 ከሚባል ጨረር አመንጪ ብረት በሚወጣ ጋማ ጨረር ፈንገሱን ገደሉት፣ ሙሚውም ወደ አገሩ ተመለሰ። ሠርቷል። ግን ጨረር ዲኤንኤ ይሰባብራል። ከዚያ አስከሬን የዘር ምርመራ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ናሙናውን ከጨረሩ በፊት መውሰድ አለበት። ደግሞ ጨረር የዛሬውን ይገድላል እንጂ የነገውን አይከለክልም።

ለዚህ ነው ግብፆች በኋላ ወደ ሣጥኑ የዞሩት። የጌቲ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ከግብፅ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅን የሚሞላ፣ ኦክስጅን የሌለው መስታወት ሣጥን ሠራ፤ የነገሥታቱ ሙሚዎች በዚያ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 2021 ደግሞ 22 ነገሥታትና ንግሥቶች በካይሮ ጎዳና በሰልፍ ወደ አዲሱ ሙዚየም ሲሄዱ ናይትሮጅን በተሞላ ሣጥን ውስጥ ነበሩ።

የደረቀውንና የተኛውን ሻጋታ ማጽዳትም የባለሙያ ሥራ ነው። በለስላሳ ብሩሽና ጥቃቅን ብናኝ በሚያስቀር ቫኪዩም፣ ወንፊት ጨርቅ ጣል አድርገው ያነሱታል። እርጥብ ሻጋታ አይጠረግም፣ ይቀባባል።

ደረጃ 7፦ ዓመቱን ሙሉ

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ ሳይጠና፣ ጣሪያውንና አሸንዳውን እዩ። የተቆረጠ ሣርና የወደቀ ቅጠል ከግድግዳው ሥር አንሱ። ሙጫ ያለው ወጥመድ በየማዕዘኑና በር ሥር አስቀምጡ፣ ቁጥርና ቀን ጻፉበት። ከሰኔ እስከ መስከረም የእርጥበት መለኪያውን ቁጥር በየቀኑ መዝግቡ። እርጥበቱ ሦስት ቀን ተከታታይ ከ65 በመቶ በላይ ከሆነ ባለሙያ ለመጥራት ሻጋታ እስኪታይ አትጠብቁ።

መስከረም ላይ በባትሪ ከጎን እያበራችሁ ተመልከቱ። ከፊት ለፊት ስታበሩ የማይታየው ስስ ሻጋታ ከጎን ሲበራበት እንደ አቧራ ጥላ ሆኖ ይታያል። አምና ያነሳችሁትን ፎቶ አጠገቡ ይዛችሁ አወዳድሩ፤ ጆሮ፣ ጣት፣ የዓይን ሽፋን፣ የፀጉር ሥር። ነፍሳት ከነዚህ ይጀምራሉ።

ጥቅምት ላይ ወጥመዶቹን ሰብስባችሁ ቁጠሩ፣ የተያዘውን ጻፉ፣ አዲስ ተኩ። ከበሮዎቹንና የብራና መጻሕፍቱን ማኅደር ክፈቱ፣ አራግፉ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ምን እንደወደቀ እዩ። ነጩን ወረቀት ከሣጥኑ ሥር ቀይሩና አዲሱ ላይ ቀኑን ጻፉበት።